ከጥንቸሎቹ የጠፋው

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከበር ጠባቂው እስከ ዳይሬክተሩ «ወንፊት» ነው የሚሏት፤ አክብሮት የሚጨምርበት ደግሞ «እትዬ ወንፊት» ይላል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። የእንስሳ ጣፊያ በደቃቅ ወንፊት ላይ አስቀምጣ፣ በሲሪንጅ መግፊያ ቀስ እያለች እየደፈጠጠች፣ ሴሎቹን ለይታ ወደ ብልቃጥ የምታወርደው እሷ ናት። ይህንኑ ስትሠራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ስሙ የተጣበቀባት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ በእሷ ፊት ያልተነፋ ወሬ፣ ያልተበጠረ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ያልታየ ብልቃጥ አያልፍም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይቀናታል። ለቀልድ ብላ አይደለም። በሃያ አራት ዓመቷ ብርጭቆ አጣቢ ሆና በተቀጠረች በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ጧት ትልቁ ማቀዝቀዣ ሞቆ፣ የሁለት ዓመት ናሙና ቀልጦ፣ ውኃው በበሩ ሥር ሲንጠባጠብ ተገኘ። ሶኬቱን የነቀለው ሰው አልታወቀም። ዓርብ ዕለት ወለሉን የወለወለችው ግን እሷ ስለነበረች ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። «አልነካሁም» አለች፤ ማን ሰምቷት። ቴክኒሻን ልትሆን ጀምራው የነበረው ሥልጠና ተቋርጦ፣ አራት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ብርጭቆ አጠበች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሶኬት ሁሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ትለጥፋለች፤ ስትወጣ የማቀዝቀዣውን ቁጥር በእጇ መዳፍ ላይ ጽፋ ትወጣለች።

ቤቷም ያው ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ተጫዋች ሰው። እሱ ራሱ ገዝቶ ያመጣውን ወተት ሳታሸት አትጠጣም።

«አንቺ ሴት» ይላታል፣ «ጨው እንኳ ጨው መሆኑን ካልቀመስሽ አታምኚም እኮ።»

«ስኳር ቢሆንስ?» ትለዋለች።

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተሯ ናት። ተማሪ ሆና የመጣች ጊዜ በፒፔት ፈሳሽ መቅዳት ያስተማረቻት ወንፊት ነበረች፤ ስለዚህ ሰው ፊት «ዶክተር» ትላታለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «ልጄ»። ዶክተሯ አዲስ ጥናት የጀመረች ዕለት ሁሉንም ሰብስባ ነገሩን አስረዳች። ሰውነታችንን ከሚጠብቁት ሴሎች መካከል ቲ ሴል የሚባሉ አሉ። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማጥመጃ አላቸው፤ የሚለዩትም የፕሮቲን ስብርባሪ ነው፤ የሚያውቁት ጠላት እስኪመጣላቸው ቀናት ይጠብቃሉ። ግን ከነዚህ ወጣ ያሉ፣ ያልተለመዱ የሚባሉ አሉ። ማጥመጃቸው ከሰው ሰው እምብዛም አይለያይም። ፕሮቲን አይፈልጉም፤ አንዱ ዓይነት ስብ ያሸታል፣ ሌላው ዓይነት ተሕዋስያን ቫይታሚን ሲሠሩ የሚጥሉትን ትራፊ ያሸታል። ጠላት ሲገባ ቀን አይቆጥሩም፣ ወዲያው ይነሣሉ።

«የኛ ጥያቄ» አለች ዶክተሯ፣ «እነዚህ መቼ መጡ? ከማን ዘንድ አሉ? ከማን ዘንድ የሉም? እንቁራሪት አላት፤ ገና ጅራታም ግልገል ሆና ውኃ ውስጥ ስትዋኝ ካሏት ቲ ሴሎች የሚበዙት እንዲህ ያሉት ናቸው። የኛዎቹ ግን አይደሉም፤ የራሷን ነው የሠራችው። ዶሮም ሻርክም የየራሳቸው አላቸው። ቫይታሚን የሚያሸተውን ግን እስካሁን ያገኙት ከአጥቢዎች ዘንድ ብቻ ነው።»

ወንፊት እጇን አወጣች። «ከአጥቢዎች ሁሉ ዘንድ?»

«እሱን ነው የምንቆጥረው።»

ሥራው ተጀመረ። ቀለም የተቀባ ሰው ሠራሽ ማባበያ አለ፤ ቫይታሚን አሽታቹን ሴል ሲያገኝ ይጣበቅበታል። ከዚያ ሴሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ ቀለም ያለበትን ማሽኑ ይቆጥራል። ከሰው ደም ብዙ ተገኘ። ያ ደም የባሏ ነበር፤ «ስንት አሉኝ?» እያለ ሳምንት ሙሉ ሲጠይቃት ሰነበተ። ከላም ተገኘ፤ ከበግ ተገኘ፤ ከአይጥ ጥቂትም ቢሆን ተገኘ። ጥንቸል ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ዜሮ አለ።

«ድገሚው» አለች በዕድሜ ዶክተሯን የምታክል አንዲት ተመራማሪ። ወንፊት ደገመችው። ዜሮ። ሌላ ጥንቸል ቀየሩ። ዜሮ። በአምስተኛው ሳምንት ዶክተሯ ከመነጽሯ በላይ አይታ «እትዬ፣ የሴሎቹ እጥበት ላይ ምናልባት…» ብላ አልጨረሰችውም።

አለመጨረሷ ነው የባሰው።  ያች ሰኞ፣ ያ ውኃ የሚንጠባጠብበት በር፣ ያ ጣት ሁሉ ወንፊት ላይ ዳግመኛ መጣባት። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት እንደገና ብርጭቆ አጣቢ ልትሆን? ጓንቷን አውልቃ ጣለች፤ ውስጥ ውስጡን ግን ማን ነው እጁን ያስገባው እያለች ማውጠንጠን ጀመረች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ማሽኑን ነው። ለማንም ሳትናገር፣ ጥንቸል የሚል ምልክት በለጠፈችበት ብልቃጥ የላም ሴል ጨመረችና አሳለፈችው። ማሽኑ በደንብ አድርጎ ቆጠረው። ስለዚህ ማሽኑም ደህና ነው፣ ቀለሙም ደህና ነው፣ እጇም ደህና ነው። ታዲያ የቀረው ጥንቸሉ ነው። ጥንቸሉን ደግሞ የሚያመጣ ሰው አለ።

ሰውየውን «ጭምቱ» ይሉታል። ዕድሜው ወደ አርባ አምስት ነው፤ ከከብት እርባታ ጣቢያ ተዛውሮ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። የእንስሳቱ ቤት ቁልፍ በእጁ ነው። ጧት ጧት ጣፊያውን በበረዶ ሣጥን ይዞ ይመጣል፤ «እንደምን አደሩ እትዬ» ይላል፤ ሣጥኑን ያስቀምጣል፤ ይሄዳል። በቃ። ሻይ ሰዓት ከሰው ጋር አይቀመጥም። ሲስቅ ያየው የለም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት ባሏ፣ ስታወራው። «ዝምታ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ዝምታውን አላልኩም። ቦርሳውን ነው ያልኩት።»

ቦርሳው አረንጓዴ የሸራ ቦርሳ ነው። ጧት ሲገባ ጢም ብሎ ይገባል፤ ማታ ሲወጣም ጢም ብሎ ይወጣል። ወንፊት ከላቦራቶሪው መስኮት ሆና ስድስት ቀን አየችው። ምሳ ይዞ የሚመጣ ሰው ቦርሳው ማታ ይጎድላል እንጂ እንዴት ይሞላል? አንድ ቀን ደግሞ ቦርሳውን ከወዲህኛው ትከሻው ወደ ወዲያኛው ሲያዞረው ከበደው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታያት። ደህናዎቹን ጥንቸሎች አውጥቶ ለምግብ ቤት ይሸጣል፤ በምትካቸው ከገበያ የገዛቸውን፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁትን፣ በሽታ የበላቸውን ያስገባል። የታመመ እንስሳ ሴል ቢያልቅበት ምን ይገርማል? ዜሮው ይኸው ነው።

ነገሩን ሁለት ቀን በሆዷ ይዛ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ብቻዋን ቢሮዋ ስትሆን ገብታ በሩን ዘጋች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከአፌ እንዳልወጣ ቁጠሪው።»

«ምንድን ነው እትዬ?»

«ጥንቸሎቹ የኛ ጥንቸሎች አይመስሉኝም።»

የላሟን ብልቃጥ ነገረቻት፤ ቦርሳውን ነገረቻት። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለች ሰማች። «እርግጠኛ ነዎት?» አለች። ወንፊት በሕይወቷ ስለ ምንም ነገር እርግጠኛ ሆና አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን «ነኝ» አለች። እንዴት እንዳወጣችው ኋላ ራሷም አልገባትም።

በማግስቱ የአስተዳደር ኃላፊው ጭምቱን በሩ ላይ ጠብቆ ቦርሳውን አስከፈተው። ወንፊት ከመስኮቷ ሆና አየች። ከቦርሳው የወጣው ገለባ ነበር፤ ከጥንቸሎቹ ሥር የተጠረገ፣ ኩስ የተቀላቀለበት ገለባ። ኃላፊው አፍንጫውን ያዘ። ጭምቱ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ ከላይ አይሰማም። ሁለቱ ቆመው ሲነጋገሩ ቆዩና ጭምቱ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ሰጠ።

ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ተብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ካርቶን ይደረድር ጀመር። አብረዋት የሚሠሩት ሻይ ላይ ሲያወሩ «ገለባ ብቻ ነው የተገኘበት አሉ» አለች አንዷ። ወንፊት ስኳሯን እያማሰለች «ከገለባው ሥር ሌላ ቀን ምን ነበረበት፣ ማን ያውቃል?» አለች።  ሦስት ሳምንት ካርቶን ደርድሮ፣ ጭምቱ ፈቃድ ጠየቀና ከዚያ አልተመለሰም። «ይኸው» አለች ለባሏ። «ንጹሕ ሰው ይሸሻል?»

ባሏ ድንች እየላጠ ነበር። «አንቺ ያን ጊዜ ብርጭቆ የምታጥቢ ጊዜ፣ መሄድ አልፈለግሽም ነበር?» አላት።

ወንፊት ቢላ ፈልጋ አንድ ድንች አነሣች።

የጥንቸሎቹን ቤት ራሷ ልትይዝ ጠየቀች፤ ሌላ ሰው አላምንም ብላ። ሰጧት። ገብታ ባየችው ነገር መጀመሪያ ተደሰተች፤ ጥርጣሬዋን የሚያጠናክር መሰላት። ጥንቸሎቹ ደረቁን መኖ አይበሉም። አሸተው አሸተው ይተዉታል፤ ሰው ሲገባ ወደ በሩ ተሽቀዳድመው ይመጡና እጇን አይተው ይመለሳሉ። «አየሽ፣ የለመዱት ሌላ ቤት ነው» አለች ለራሷ። ግን ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ደብተር ነበር። የእያንዳንዱ ጥንቸል የጆሮ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ እናትና አባቱ፣ የሳምንት ክብደቱ፣ የሞተም ከሆነ የሞተበት ምክንያት፣ በጠባብ ጥርት ባለ ጽሕፈት ተመዝግቧል። ደብተሩንና ጥንቸሎቹን ይዛ ተቀመጠች። ጆሮ እየገለጠች፣ ቁጥር እያነበበች፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አመሳከረች። አንድም የጎደለ የለም። አንድም የተቀየረ የለም።

ደብተሩስ ቢሆን ያው የሱ እጅ አይደል፣ አለች። ስለዚህ መጨረሻውን ፈተና አዘጋጀች። አንዲት ነጭ ጥንቸል ልትወልድ ደርሳ ነበር። ወንፊት ወንበር አምጥታ ከጎጆዋ ፊት ተቀመጠች፤ ምሳዋንም እዚያው በላች። ዐይኗ ፊት ስምንት ተወለዱ፤ ትንሽ ከፍ እንዳሉ የስምንቱንም ጆሮ በገዛ እጇ ምልክት አደረገችበት። ቤቱን በራሷ ቁልፍ ቆለፈች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሦስት ወር ዞረች። ስትታጠብ እንኳ አላወለቀችውም። ካደጉ በኋላ ከሁለቱ ጣፊያ ወሰደች፤ ራሷ ፈጨች፣ ራሷ አጠበች፣ ራሷ ቀለም ቀባች፣ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ዜሮ አለ።

ማሽኑ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ በኋላ የምትጠረጥረው ሰው አልነበራትም። ዙሪያዋን ብታይ ያለችው እሷ ብቻ ነች። ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደች።

«ጥንቸሏ የላትም» አለች።

«ምን?»

«ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላበላሸም። ወይ ቀለማችን የጥንቸልን ሴል አያውቅም፣ ወይ ጥንቸሏ ድሮም የላትም። ዐይኔ ፊት የተወለዱ ናቸው።»

 ዶክተሯ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ኮምፒውተሯን አዞረችላት። ቀለሙን ትተው ወደ ዘር መረጃው ገቡ። ያ ሴል እንዲሠራ ትራፊውን የሚያሳየው አንድ ዘረመል አለ፤ የሰው፣ የላም፣ የበግ፣ የአይጥ ተራ በተራ በማያ ገጹ ላይ ወጣ። ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ የትኞቹ እንደሆኑ ይታወቃል። የጥንቸሏን ሲከፍቱ ጎረቤቶቹ በየቦታቸው አሉ። መካከሉ ላይ ግን የሚሠራ ነገር የለም፤ ሰው እንደለቀቀው ቤት ባዶ ነው። ማጥመጃውን የሚሠራው ዘረመልም አብሮ የለም።

«ምን ማለት ነው?» አለች ወንፊት።

ዶክተሯ ወረቀት አውጥታ እንደ ዛፍ አድርጋ ሣለችው። ከሥሩ ሻርክ፣ ከፍ ሲል እንቁራሪት፣ ከዚያ ወፎች፣ ከዚያ አጥቢዎች። «አጥቢዎች የሚባሉት ገና በጥዋቱ ይህን ነገር አገኙት፤ ልጅ በከረጢት የሚያሳድጉት ከኛ ሳይለዩ በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ የጥንቸል ቅድመ አያት ይህ ነገር ነበራት። በመንገድ ላይ ነው የጠፋባት።»

«እንዴት ይጠፋል? የሚጠብቅሽን ነገር ትጥይዋለሽ?»

«የጣለው የለም፤ ይሰበራል። ሲሰበር የሚሞት ካልሞተ፣ የተሰበረው ይወረሳል። ምናልባት ሌላ ሠርታበታለች፤ ምናልባት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች። አላውቅም። ግን ኖራለች፤ ይኸው እየወለደች ነው።»

ወንፊት ዛፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጥንቸሏ ላይ ዶክተሯ ያደረገችውን ትንሽ ጭረት በጣቷ ነካችው። «እና ሰውየው?» አለች።

«መጀመሪያ ይህን እናረጋግጥ» አለች ዶክተሯ። ውጭ አገር ላለ ጓደኛዋ ያገኙትን ጽፋ ላከች፤ ያልታወቀ ነገር ያገኙ መስሏት ነበር። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። ጓደኛዋ ከመልሱ ጋር አንድ የታተመ ጥናት አያይዞ ነበር፤ ጥንቸል ይህ ነገር እንደሌላት፣ ውሻና ድመትም እንደሌላቸው፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ወጥቷል። ዶክተሯ ከንፈሯን ነክሳ አነበበችውና ለወንፊት ተረጎመችላት።

«ከብዙ ጊዜ በፊት?» አለች ወንፊት።

«አላየሁትም እትዬ። ላም ላም ስል፣ ጥንቸሏን ዝም ብዬ ነው የጨመርኳት፤ ቤታችን ስላለች።»

«ታትሞ በተቀመጠ ነገር ነው ሰው እንጀራውን ያጣው?»

ዶክተሯ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ወንፊት ልትቆጣት ፈለገች፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ነኝ» ያለችው እሷ ነች። «እርግጠኛ ነዎት?» ተብላ ተጠይቃ ነበር።

አስተዳደሩ ጉዳዩ ጊዜ ይፈልጋል አለ፤ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ኮሚቴ ይሰብሰብ። ወንፊት በዚያው ዕለት በእጇ አንድ ገጽ ጻፈች፤ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ፣ ማስረጃ አልነበረኝም፣ ያየሁት ቦርሳ ብቻ ነው ብላ ፈረመችበት። አንዱን ቅጂ ለኃላፊው ሰጠች፤ አንዱን አጥፋ ከደረቷ ኪስ ከተተችው። ቅዳሜ ጧት የጭምቱን ሰፈር አጠያይቃ ሄደች።

ቤቱ ከመንገድ ገባ ብሎ ነው። ከደጁ እስከ አጥሩ ድረስ ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት በመደብ በመደብ ተተክሎበታል፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ገለባ ይታይበታል። ወንፊት በሩ ላይ ቆማ ያን አፈር አየች። ቦርሳው ጧት ምን ይዞ ይገባ እንደነበር፣ ጥንቸሎቹ ደረቁን መኖ ለምን እንደናቁት፣ ማታ ለምን ሞልቶ ይወጣ እንደነበር ያኔ ገባት። 

አንዲት አሮጊት መኮትኮቻ ይዘው ከመደቦቹ መካከል ቀና አሉ። የጭምቱ እናት ናቸው።

«ማንን ነው?»

«ልጅዎን ነበር። ከመሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ደግሞ ምን ጎደለ? ቦርሳውን ፈትሻችኋል፤ ቤቱን ልትፈትሹ ነው?»

«አይደለም እናቴ።»

«ያች መስኮት ላይ የምትቆመው ሴትዮ ላከችሽ?»

 «እኔ ነኝ ያች ሴትዮ» አለች ወንፊት።

አሮጊቷ መኮትኮቻውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት። ግቢ አላሏትም፣ ውጪም አላሏትም። ፊታቸውን ወደ ቤቱ መልሰው ልጃቸውን ጠሩና ወደ ጎመናቸው ጎንበስ አሉ።

ጭምቱ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። ከስቷል። ወንፊትን ሲያይ አልደነገጠም፣ አልተቆጣም፤ በሩ ላይ ቆመ። እሷም መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችውን ንግግር ሁሉ ረሳችው።

«ጥንቸሎቹ የላቸውም» አለች። «ድሮም የላቸውም። አንተ ምንም አላደረግክም። እኔ ነኝ የተናገርኩብህ።»

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ጠይቀውኝ ቢሆን» አለ በመጨረሻ፣ «ቦርሳዬን እኔው እከፍትልዎት ነበር። ጧት ጧት ደጃፍዎን እያለፍኩ። አንድ ቀን እንኳ ‹ምንድን ነው እሱ?› ቢሉኝ።»

«ትዋሸኛለህ ብዬ ነዋ።»

«ልዋሽ እችል ነበር» አለ። «ግን አልጠየቁኝም።»

 ይቅር ብያለሁ አላለም፤ ወንፊትም እንዲልላት አልጠየቀችም። ስትወጣ አሮጊቷ ቀና ሳይሉ «በሩን ዝጊው፣ ዶሮ ይገባል» አሏት። ዘጋችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ መዘጋቱን አየች።

ኮሚቴው ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ወንፊት በየሦስት ቀኑ ኃላፊው ቢሮ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፤ ኃላፊው መምጣቷን ከጫማዋ ድምፅ እስኪለየው ድረስ። በመጨረሻ የጭምቱ ቁልፍ ተመለሰ፤ ገለባ መውሰዱም በጽሑፍ ተፈቀደለት። ዶክተሯ የጥናቷን ውጤት ስታሳትም የጥንቸሎቹን ገጽ ከሌሎቹ ጋር አብራ አወጣችው፤ አዲስ ነገር ነው ብላ ሳይሆን፣ እኛም ቆጥረን ያው አገኘን ብላ። ከምስጋናው መካከል የጭምቱ ደብተር ተጠቅሷል። ወንፊት ያንን መስመር ዶክተሯ በጣቷ እያሳየች ሦስት ጊዜ እንድታነብላት አደረገች፤ ስሙ በትክክል መጻፉን ለማየት።

ጭምቱ ሥራ የጀመረበት ቀን ዋዜማ ላይ፣ ባሏ ሳህን እያጠበ ጠየቃት።

«ነገ ምን ትይዋለሽ?»

«እንደምን አደርክ እለዋለሁ።»

«ባይመልስልሽስ?»

«ከነገ ወዲያም እለዋለሁ።»

ባሏ የመቀለድ ልማዱን ያን ምሽት ተወው። ሳህኑን ደረደረ፤ እጁን አደራርቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

ጭምቱ በማግስቱ የበረዶ ሣጥኑን ይዞ መጣ፤ አስቀመጠ፤ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ወንፊት በየጧቱ ሰላምታዋን ትሰጣለች፤ ይመልስ እንደሆነ ቀና ብላ አታየውም።  በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነበር፣ ሣጥኑን አስቀምጦ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እንደምን አደሩ» አለ።

«እትዬ» የምትለዋን አልጨመረባትም። ወንፊት ይህንንም ልብ አለች። ክዳኑን አነሣች፤ በረዶው ውስጥ ያሉትን ሦስት ብልቃጦች አንድ በአንድ አውጥታ ቁጥራቸውን አነበበችና ወንፊቷን ወደ ራሷ ሳበች።